የድንኳኑ ብረት ስንት ኪሎ ነው?

«ይቺ ብረት ቀለለችኝ» አሉ ጋሼ።

ጋሼ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። አዲስ የገዛነው የድንኳን ቧንቧ ከአይሱዙ ላይ እየወረደ ነበር። ወጣቶቹ እየተቀባበሉ ያስገባሉ፤ ጋሼ በር ላይ ቆመው ይቆጥራሉ። ከመሃል አንዷን ተቀበሉና ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ወዝወዝ አደረጓት። ከዚያ ነው ይህን ያሉት። አንዱ ጎረምሳ ሳቀና «ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ ጋሼ? የምንሸከመው እኛ ነን!» አለ። ሥራው ቀጠለ።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነበር። «ቧንቧ፣ 1.5 ኢንች፣ 2 ሚሊ ሜትር፣ 6 ሜትር፣ 36 ፍሬ» ይላል። ተቆጠረ፤ 36 ነው። ተለካ፤ 6 ሜትር ነው። ለመፈረም የቀረኝ ነገር አልነበረም። ግን የጋሼ ቃል አላስፈርም አለኝ።

ጋሼን ስለማውቃቸው ነው። በወጣትነታቸው የውሃ መስመር ዝርጋታ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ቧንቧ ተሸክመው ዳገት ወጥተዋል። ጠጋ ብዬ «ከምን ጋር ሲተያይ ነው የቀለለችዎት?» አልኳቸው። «ከምን ጋር ትለኛለህ? መሆን ካለባት ጋር ነዋ!» አሉኝ።

መሆን ካለባት ጋር። መልሱ ማታ አብሮኝ ቤቴ ገባ። እሳቸው «መሆን ያለበትን» ትከሻቸው ላይ ይዘውት ይዞራሉ። እኔ ደግሞ የለኝም። ሱቁ ሄጄ «የጋሼ ትከሻ እንዲህ ይላል» ብል ማን ይሰማኛል? ቁጥር ያስፈልገኛል። ባለ 1.5 ኢንች፣ ባለ 2 ሚሊ፣ 6 ሜትር ቧንቧ ስንት ኪሎ መሆን አለበት?

ቧንቧውን ዘርግቶ ማሰብ

መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። የትልቁን ክብ ስፋት አወጣለሁ፣ የትንሹን እቀንሳለሁ፣ በርዝመቱ አባዛለሁ። ይሠራል። ግን ብዙ ቁጥር ያለው ሥራ ስለሆነ አንዱ ቦታ ላይ መሳት ቀላል ነው። ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ፤ የቧንቧውን አሠራር ራሱን የሚከተል።

ድንኳን የምንሠራበት ዓይነት ቧንቧ ሲወለድ ክብ አይደለም። ላሜራ ነው። ረጅም ጥቅል ላሜራ በቁመቱ ይሰነጠቅና ቀጭን ጥብጣብ ይሆናል። ጥብጣቡ በማሽን እንደ እንጀራ ይጠቀለላል። ሁለቱ ጠርዞች ሲገናኙ ይበየዳሉ። የብየዳው መስመር ከውስጥ ጣትን ሲያስገቡ ይዳሰሳል። እንግዲህ ክብደቱን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ብየዳው ላይ ቀድዶ መልሶ መዘርጋት። የሚገኘው ሦስት ነገር ብቻ ያለው ላሜራ ነው፦ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረት።

ስፋቱ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የውጭውን ዲያሜትር በ3.1416 አባዝቶ ያልፋል። ያ የውጭው ቆዳ ዙሪያ ነው። ብረቱ ግን ውፍረት አለው፤ የውስጡ ዙሪያ ያንሳል። ትክክለኛው ስፋት በሁለቱ መሃል ያለው ነው። እሱ የሚገኘው ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ አንድ ውፍረት ቀንሶ በማባዛት ነው። ይህ ግምት አይደለም። በትልቁና በትንሹ ክብ ልዩነት ከሚገኘው ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

የቀረው የብረቱ የራሱ ክብደት ነው። ተራ ብረት በኪዩቢክ ሜትር 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ይህንና 3.1416ን አንድ ላይ ጠቅልለን፣ ሚሊ ሜትሩን ወደ ሜትር ስንመልስ 0.02466 የምትባል ቁጥር ትወጣለች። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህችን ይያዝ፦

የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ = (የውጭ ዲያሜትር − ውፍረት) × ውፍረት × 0.02466

ዲያሜትሩም ውፍረቱም በሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ነገር የለም።

አሁን ወደ እኛ ቧንቧ። የውጭ ዲያሜትሩ ስንት ነው? «1.5 ኢንች» ሲባል 38.1 ሚሊ ሜትር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሄዶ ቢለካ ግን 38.1 የሚባል ነገር ቧንቧው ላይ አያገኝም። ውጩ 48.3 ነው። ውስጡም፣ 2 ሚሊ ከሆነ፣ 44.3 ነው። ስሙ የቀረው ከድሮ ነው። ድሮ ግድግዳው ወፍራም ስለነበር የውስጡ ቀዳዳ ለስሙ ይቀርብ ነበር። ብረቱ እየተሻሻለ ግድግዳው ሲቀጥን፣ ጥርሱና መገጣጠሚያው እንዳይበላሽ ውጩን እንዳለ ተዉት። ውስጡ ሰፋ። ስሙ እዚያው ቀረ። በሌላ በኩል ለወንበርና ለአልጋ የሚሆነው ቱቦ የሚጠራው በእውነተኛው የውጭ ልኩ ነው። ስለዚህ ስም ሰምቶ ከማስላት በፊት ክር ዙሪያውን ማዞር ይሻላል። ክሩ ወደ 15.2 ሳንቲ ሜትር ከመጣ 48.3 ነው ማለት ነው።

48.3 ሲቀነስ 2፣ 46.3። በ2 ሲባዛ 92.6። በ0.02466 ሲባዛ 2.28 ኪሎ በሜትር። ለ6 ሜትር 13.7 ኪሎ። ይኸው የጋሼ «መሆን ያለበት»። ከደብተሬ ላይ ክብ አደረግኩበት። የሚገርመው ይህ ቁጥር ሳይኖረኝ ቧንቧውን አስመዝኜው ቢሆን ኖሮ ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ሚዛኑ «11» ቢለኝ ወይም «15» ቢለኝ «እሺ» ብዬ ነበር የምመለሰው።

እህል ቤቱ ሚዛን ላይ

ከዕቃ ቤታችን አጠገብ እህል ቤት አለ። የእህል ቤቱ ባለቤት የእድሩ አባል ስለሆኑ ሚዛናቸውን አልከለከሉንም። «ብረት የሚመዝን እድር ገና አየሁ» ብለው ግን ከት ብለው ሳቁ።

የ6 ሜትር ቧንቧ ሚዛን ላይ መስቀል ቀላል አይደለም። ሁለቱም ጫፍ ይወዛወዛል፤ አንዱ ግድግዳ ከነካ ቁጥሩ ይበላሻል። አንዲቱን ብቻ ብንመዝን ደግሞ የሚዛኑ ጥቂት ስህተት ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አምስቱን በገመድ አሰርን። መሃላቸውን ፈልገን አጭር እንጨት ላይ አስቀመጥን። ጡሩምባ ነፊያችን አንዱን ጫፍ፣ አንድ ጎረምሳ ሌላውን ጫፍ ጠብቀው እንዲቆሙ ሆነ፤ ሳይነኩ። «እጅህን አንሳ!» «አንስቻለሁ!» የሚለው ጭቅጭቅ ከምዘናው በላይ ጊዜ ወሰደ።

ገመዱና እንጨቱ ተቀንሶ 56 ኪሎ ሆነ። ለአምስት ሲካፈል 11.2።

13.7 መሆን የነበረበት 11.2 ነው። በአንድ ፍሬ ሁለት ኪሎ ተኩል ጎደለ። ለ36ቱ 90 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብረት አልመጣም ማለት ነው። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ጋሼ ምንም አላሉም። ቀና ብለው አዩኝና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

ርዝመቱ አልጎደለም። ዲያሜትሩም አልጎደለም። የጎደለው በዓይን የማይታየው ነው፤ ውፍረቱ። ስንት እንደሆነ ደግሞ ከክብደቱ ወደ ኋላ ተሂዶ ይገኛል። 11.2ን ለ6 አካፍሉ፤ ከዚያ ለ0.02466። 75.7 ይመጣል። ይህን ለ48.3 ስታካፍሉ 1.57 ነው፤ የመጀመሪያ ግምት። ግምቱን ከ48.3 ቀንሱና 75.7ን በተገኘው እንደገና አካፍሉ። 1.62 ይመጣል። ከዚህ በኋላ ቢደጋገምም ብዙም አይንቀሳቀስም። «2 ሚሊ» ተብሎ የተሸጠልን 1.6 ነው።

አራት አስረኛ ሚሊ ሜትር። ሲሉት ምንም አይመስልም። ግን ከ2 ላይ ነው የተነሳው። ክብደቱ 18 በመቶ ወርዷል። መጉበጥን የመቋቋም አቅሙም አብሮ ወደ 17 በመቶ ወርዷል። ዝገቱም አለ። ድንኳን ዝናብ ላይ ይተከላል፣ እርጥብ እንዳለ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል። ዝገት ከውጭም ከውስጥም ነው የሚበላው። ቀጭን ግድግዳ የሚያስበላው ብዙ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቆጨኝ። እኛ ዘንድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለመዋጮ ስንጠራ ደጋግመን የምንለው ነው። ግን ጉድለትም እንደዚያው ነው። 90 ኪሎ ብረት አንድ ሰው ላይ ቢጎድል ያንገበግበዋል። አባል ላይ ሲበተን ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ናት። ማንንም አይከብድም። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። የጋራ ገንዘብ የሚጎድለው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ሁሉም ሰው ሊረሳት በምትችል መጠን።

«እኛ በፍሬ ነው የምንሸጠው»

ወደ ሱቁ ጋሼ፣ ገንዘብ ያዣችን እትዬና እኔ ሄድን። አምስቷን ቧንቧም ይዘን። የሱቁን ስም አልጽፍም። ጽሑፉ ስለ እሱ አይደለም። እንዲያውም ሻጩ ልጅ ትሁት ነበር፤ ለጋሼ ወንበር ፈልጎ አመጣ።

ነገሩን ነገርነው። አልተቆጣም። ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ አወጣና የቧንቧውን ጫፍ ያዘበት። «ይኸው ወንድሜ፣ 1.9!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ 1.9 ይላል። እትዬ ዘወር ብለው አዩኝ። ሚዛኑ 1.6 ይላል፣ ካሊፐሩ 1.9 ይላል። የቱን ልመን?

ጋሼ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ሞረድ አለህ?» አሉት። ልጁ አመጣ። ጋሼ ጫፉን ዙሪያውን ጥቂት ሞረዱት። ቧንቧ በመጋዝ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ትንሽ ትንሽ ስለታም ብረት ይቀራል። ካሊፐሩ የያዘው እሷን ጨምሮ ነበር። ከተሞረደ በኋላ ሲለካ 1.6 ሆነ። እትዬ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» አሉ። ከሁላችንም ቀድሞ የሳቀው ሻጩ ነው።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ካሊፐር ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን የሚያየው አንድ ነጥብ ነው፤ ያውም ጫፉ ላይ። ከዚያ ወዲያ ያለውን 6 ሜትር አያየውም። ጠርዙ ያታልለዋል። የብየዳው መስመር ያታልለዋል። ጫፍ ላይ የተንጠባጠበ የዚንክ ልባስ ያታልለዋል። ሚዛን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። ዚንኩ እንኳ ሚዛን ላይ ከተጨመረ የሚጠቅመው ሻጩን ነው፤ እኛ ብረት ብለን ከቆጠርነው ላይ የዚንኩ ክብደት አለበትና። ማለትም ንጹህ ብረቱ ከ1.62ም ትንሽ ያንሳል።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «የገበያ 2 ነው እንጂ ሙሉ 2 አይደለም» አለ። እንደ ቀላል ነገር። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስል። «ደግሞ እኛ በኪሎ አይደለም የምንሸጠው። በፍሬ ነው። 36 ፍሬ አላልኳችሁም? 36 ሰጥቻለሁ።»

እውነት ለመናገር እኔ ይህን መልስ አልጠበቅሁትም። ሒሳቤን፣ ደብተሬን፣ 0.02466ን ይዤ ነው የመጣሁት። እሱ ግን ሒሳቡ ላይ አልተከራከረኝም። ጨዋታው ሌላ ነው አለኝ። በፍሬ ጨዋታ ውስጥ ኪሎ የሚባል ነገር የለም። አፌን ያዘኝ።

ያን ጊዜ ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠየቁት። «ልጄ፣ አንተ ካመጣህበት ቦታ በምን ገዛኸው?»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«በፍሬ ነው ወይስ በኪሎ?»

ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «በኪሎ» አለ።

«እሱስ? ላሜራውን ከውጭ ያስመጣው?»

«በቶን።»

ጋሼ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። አያስፈልግም ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ጥቅል ላሜራ መርከብ ላይ ሲጫን በቶን ነው። ጂቡቲ ሲራገፍ በቶን ነው። ቧንቧ የሚሠራው ፋብሪካ የገዛው በቶን ነው። ለሱቁ የደረሰው በኪሎ ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ክብደት እየገዛ ክብደት ይሸጣል። መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ሚዛኑ ተሰወረና «ፍሬ» ሆነ። ለምን እኛ ጋ ሲደርስ? ሌሎቹ ሁሉ ስለሚያሰሉ ነዋ።

አንድ ቶን ላሜራ ሙሉ 2 ሚሊ ሆኖ ቢሠራ 73 ቧንቧ ገደማ ይወጣዋል። 1.6 ሆኖ ሲሠራ ግን 89። ከአንዱ ቶን 16 ተጨማሪ ፍሬ! ከየትም የመጣ ብረት አይደለም። ከየቧንቧው ግድግዳ ላይ ተላጭቶ የተሰበሰበ ነው። በፍሬ ለሚገዛ ሰው 73ቱም 89ኙም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም 6 ሜትር፣ ሁሉም ያበራሉ።

ልጁን እጠይቀው የነበረው ነገር «ለምን አታለልከን» ነበር። ተውኩት። «ለምን ለኛም በኪሎ አትሸጥም?» አልኩት። «በኪሎ የሚጠይቅ ደንበኛ መጥቶ አያውቅም» አለ። ይሄ ነው ከሁሉ የከነከነኝ። ምክንያቱም እውነቱን ነው። እኔም ቤት ሳሠራ የበር ብረት የገዛሁት እየቆጠርኩ ነው። ሥጋ በኪሎ፣ ቡና በኪሎ፣ ምስማር እንኳ በኪሎ ገዝቼ፣ ብረቱን በፍሬ ገዛሁ። የሚገርመው ብረቱ አርጅቶ ቁራሌው ሲመጣ መልሰን የምንሸጠው በኪሎ ነው።

ስምምነቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዋጋውን በኪሎ መልሰን አሰላንና ልዩነቱን መለሰልን። ጋሼ ግን ገንዘቡ ብቻ አልበቃቸውም፤ «ምሰሶ ላይ እንዲህ ያለ ቀጭን አልተክልም» አሉ። ለምሰሶ የሚሆኑትን ባለ 2.5 ሚሊ አስቀየርን። አንዷ 16.9 ኪሎ ናት፤ እዚያው ተመዝና። ለጣሪያው ቀጭኑ ቀረ። ወጣቶቹም በዚህ ደስ አላቸው። ልክ ናቸው። ቀላል ብረት በራሱ ጥፋት የለበትም። ድንኳን የሚሸከም ሰው ቀላሉን ቢመርጥ አይፈረድበትም። እኔን የከነከነኝ የቀጭኑን ቧንቧ ዋጋ ሳይሆን የወፍራሙን መክፈላችን ነው።

ሸክሙ በብር የማይቆጠርበት ቦታ

ይህን ታሪክ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ብዙም አልገረመውም። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ በማውጣትና በመትከል ነው የሚተዳደረው። «እናንተ ብር ነው የጎደላችሁ፤ እኛ ጋ ሒሳቡ ከተሳሳተ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው» አለኝ።

ቁጭ ብለን አሰላነው። ፓምፑ የሚንጠለጠለው ባለ 3 ኢንች ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ ላይ ነው እንበል። ውጩ 88.9፣ ግድግዳው 4 ሚሊ። በሜትር 8.37 ኪሎ ነው። አንዱ ባለ 6 ሜትር 50 ኪሎ ማለት ነው፤ አንድ የስሚንቶ ከረጢት። ጉድጓዱ ውስጥ 180 ሜትር ከወረደ 30 ፍሬ ነው። አንድ ቶን ተኩል። ባለ 2 ቶን የሰንሰለት ማንሻ ያለው ሰው «ይችላል» ብሎ ይጀምራል።

ሲያወርዱት እውነትም ይችላል። ችግሩ ሲያወጡት ነው። ፓምፑ ላይ ውሃ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጥሩ ከሆነ ቧንቧው ፓምፑ ከቆመም በኋላ ውሃ እንደሞላ ነው። የውስጡ ዲያሜትር 80.9 ነው፤ በአንድ ሜትር ውስጥ ከ5 ሊትር በላይ ይይዛል። ለ180 ሜትር ከ900 ኪሎ ይበልጣል። ከጉድጓዱ ውሃ በላይ ያለው ክፍል ረጅም ከሆነ ጠቅላላ ሸክሙ 2.4 ቶን ሊጠጋ ነው። ፓምፑና ገመዱ ገና አልተቆጠሩም። በባዶው ቧንቧ ክብደት የተመረጠ ማንሻ እዚህ ላይ ነው የሚከዳው። «ውሃውን የረሳ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚረሳው» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ እየሳቀ ሳይሆን።

እግረ መንገድ፣ ቀመሩ ለሌላ ዓይነት ቧንቧም ይሠራል። የምትቀየረው 0.02466 ብቻ ናት። ለመዳብ 0.0281 ናት፣ ለአሉሚኒየም 0.0085 ገደማ፣ ለፒቪሲ 0.0044 ገደማ። ለጥቁሩ የፕላስቲክ የውሃ መስመር፣ ኤችዲፒኢ ለሚባለው፣ 0.003 ብላችሁ ያዙ። ባለ 110 ሚሊው፣ ግድግዳው 6.6 የሆነው፣ በሜትር 2 ኪሎ ያህል ነው። ተቀራራቢው ባለ 4 ኢንች ብረት ግን በ4.5 ሚሊ ግድግዳ ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጋሼ ዳገት ለዳገት የተሸከሙት ብረቱን ነው። ዛሬ ያንኑ መስመር ፕላስቲኩን በጥቅል በአህያ ጭነው ያደርሱታል። ፕላስቲኩም የራሱ ጣጣ አለው። ከውሃ ስለሚቀል፣ ወንዝ ወይም ረግረግ ሲያቋርጥ ውሃ ሞልቶም ቢሆን ይንሳፈፋል። ስለዚህ የኮንክሪት ክብደት እየታሰረበት ነው የሚተኛው። እዚያ ሰዎች የሚያሰሉት እንዲከብድ ስንት መጨመር እንዳለባቸው ነው።

ስንት ሲጎድል ነው ጎደለ የሚባለው?

ወደ እድሩ ልመለስ፤ ጭቅጭቁ አላለቀምና። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ አንድ ደንብ ልናወጣ ተስማማን። ከእንግዲህ ብረት ሲገዛ ጥያቄው ላይ የውጭ ዲያሜትሩ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የአንዱ ፍሬ ክብደት አብሮ ይጻፋል። ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት አምስት አምስት እየታሰረ ይመዘናል። እስከዚህ ድረስ ተቃዋሚ አልነበረም።

ጠቡ የተነሳው «ስንት እስኪጎድል እንቀበላለን?» ሲባል ነው። እትዬ «ምንም! ለምንድነው የሚጎድለው? የከፈልኩት ጎድሎ ነበር?» አሉ። ልባቸው ልክ ነው። ግን ብረት እንደዚያ አይሠራም። የትኛውም ፋብሪካ ቁርጥ 2.00 አያወጣም። አንዱ ጥቅል ትንሽ ይወፍራል፣ ሌላው ትንሽ ይቀጥናል። ስለዚህ ደረጃዎች ራሳቸው የሚፈቅዱት መጠን አለ። የአውሮፓው ኢኤን 10219፣ ተበይዶ ለሚሠራ የግንባታ ቱቦ የወጣው፣ ለእንዲህ ያለው ቀጭን ግድግዳ ውፍረቱ እስከ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። ክብደቱ ላይ ግን የሚፈቅደው 6 በመቶ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ተለያዩ? እኔን በጣም የጣመኝ ይህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ወደ 1.8 ቢወርድ ደንቡ ይቀበለዋል። ሙሉው 6 ሜትር 1.8 ከሆነ ግን 12.4 ኪሎ ነው የሚመጣው፤ ከ13.7ቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይጎድላል። ስለዚህ በክብደቱ ይወድቃል። ማለትም «አንዳንድ ቦታ ሳስቶ ከሆነ እናልፍልሃለን፤ ሁሉንም አሳስተህ ከሆነ ግን አናልፍልህም» ነው ነገሩ። ጫፍ ላይ ያለው ካሊፐር ይህን መለየት አይችልም።

እኔ 6 በመቶ ይሁን አልኩ። አንዷ ባለ 2 ሚሊ ከ12.9 ኪሎ በታች ከሆነች ትመለስ። እትዬ «6 በመቶ ከ36 ፍሬ ላይ ሁለት ፍሬ ማለት አይደል? ሁለት ቧንቧ በነጻ ልንሰጥ ነው?» አሉ። ሒሳባቸው ትክክል ነው፤ ከሁለት ፍሬ ትንሽ ይበልጣል እንዲያውም። ጋሼ «የሚጎድል ካለ የሚተርፍም አለ፤ ሁሌ ወደ አንድ በኩል ብቻ ካዘነበለ ያኔ እንነጋገራለን» አሉ። ረጅም ክርክር ሆነ። አንዱ አባል 3 በመቶ አለ፣ ሌላው ስለ ሚዛኑ ጥራት አነሳ። የእህል ቤቱ ባለቤት ደግሞ በሚዛናቸው ቅር ተሰኙ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ከ6 በመቶ በላይ የጎደለ ብረት አይገባም» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ፈረሙ፤ ከፊርማቸው ጎን ግን «በኪሎ ተሰልቶ ለሚከፈል ብቻ» የሚል ጨመሩበት። በቀጣዩ ስብሰባ የሚነሳው የዕቃ ቤቱ በር ነው፤ ለእሱ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ እንገዛለን። እዚያ ቀመሩ ይለያል። ከአንዱ ጎን ልክ ላይ ውፍረቱን ቀንሰን፣ በውፍረቱ አባዝተን፣ በአራት፣ ከዚያ በ0.00785 ነው። 40 በ40 ባለ 2 ሚሊ በሜትር 2.39 ኪሎ ይመጣል። ማዕዘኖቹ ክብ ስለሆኑ እውነተኛው ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ይህን ለእትዬ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ። «በስንት ያንሳል?» ብለው ወረቀት አውጥተዋል።